ለአምስተኛ ጊዜ ሲጋራን መተው

ይህ ጽሑፍ ሲጋራ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመተው ላሰበም አይደለም፤ እሱን የሚመክር ሞልቷል። ይህ የተጻፈው አንዴ ትቶ ለጀመረ፣ ደግሞ ትቶ ደግሞ ለጀመረ፣ አሁን «እስቲ እንደገና ልሞክር» ብሎ ለሌላ ሰው መናገር ላፈረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ራስዎ ይሆኑ ይሆናል። ወይም ባልዎ፣ ወንድምዎ፣ የሥራ ባልደረባዎ ይሆናል።

እኔ የማውቃቸውን አንድ ሰው ልንገርዎ።

በማታው ትምህርት ክፍላችን ፊደል ከሚቆጥሩት መካከል አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው 46 ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ ከቅንድባቸው ላይ ዱቄት አይጠፋም። ባለቤታቸውም እዚያው ክፍል ይማራሉ፤ የሚቀመጡት ግን ከሴቶቹ ጋር በግራ በኩል ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

አንድ ማታ ትምህርት አልቆ ሰው ሲበተን ጋሼ ደብተራቸውን የሚፈልጉ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ።

«አስተማሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ገ ላይ የምንደርሰው መቼ ነው?»

ያን ሰሞን ደ ላይ ነበርን። በሚቀጥለው ሳምንት እንደርሳለን አልኳቸው።

«ትንሽ ብታዘገየውስ?»

ነገሩ አልገባኝም። ኋላ ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ አለው። በጋሼ ስም በወሰዱት ዕቃ ትይዩ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት እያለ ይጽፋል። ሲጋራ ብሎም ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ሄደው ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መዝገቡ ለእሳቸው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነበር። አሁን ግን «ሲ»ን ያውቃሉ፤ «ራ»ንም ያውቃሉ። የቀረችው የመካከለኛዋ «ጋ» ብቻ ናት። ጋሼ ደግሞ ባለፈው ዓመት «ትቻለሁ» ብለው ለባለቤታቸው ነግረዋል።

እኔ ሳቅሁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«አራት ጊዜ ትቼዋለሁ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «አራት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። አሁን አምስተኛ ልተው ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ራሴን አላምንም እኮ።»

መሳቄ አሳፈረኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ለስምንት ወር ያህል አጭሻለሁ፤ በፈተና ሰሞን የተጀመረ ነገር ነው። መተዉ ብዙ አላስቸገረኝም። የስምንት ወር አጫሽ የ27 ዓመት አጫሽን «ቆራጥ ይሁኑ» ብሎ ቢመክር ግን ነውር ነው። ስለዚህ ምክሩን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። የጤና ባለሙያም ጠየቅሁ። ከዚህ በታች ያለው ከጋሼ ጋር እየተነጋገርን ያገኘነው ነው።

በመጀመሪያ አራቱን ጊዜ አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «የወደቅሁበትን ቆጥሬ ምን ላተርፍ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ሆኖም ነገሩኝ።

አንደኛው በሁዳዴ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ አፋቸው ላይ አላደረጉም። የፋሲካ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ አንዱ ፓኮ ሲያወጣ እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። ቃላቸው ከጾሙ ጋር የታሰረ ነበርና ጾሙ ሲፈታ አብሮ ተፈታ።

ሁለተኛው በሳል ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪሙ ሲጋራውን እንዲተዉ አዘዛቸው፤ ተዉ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ጭራሽ ባሰባቸው፤ አክታም በዛ። «ሳንባዬ ጭሱን ለምዶታል፤ መተዌ ነው የጎዳኝ» ብለው ተመልሰው ለኮሱ።

ሦስተኛውን ሲነግሩኝ ራሳቸውም ሳቁ። አብሯቸው ከሚሠራ ሰው ጋር አንድ ሳምንት ያለ ሲጋራ ለመቆየት በአንድ ኪሎ ሥጋ ተወራረዱ። አሸነፉ። ሥጋው ተጠብሶ ተበላ፤ በላዩም ላይ ሲጋራ ተለኮሰ።

አራተኛው ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ አራት ወር። ለባለቤታቸው «ትቻለሁ» ያሉት በዚያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እውነት ነበር። ከዚያ የወፍጮው ሞተር ተበላሸና ሥራ ቆመ። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዕዳ እያሰቡ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ አንድ ጓደኛቸው አንድ ፍሬ ሰጣቸው። አጨሱ። «በቃ ተበላሸ» አሉና ሱቅ ሄደው ሌላ ገዙ። በዚያው ቀን እስኪመሽ ድረስ ወደ ድሮው ቁጥራቸው፣ ወደ ስምንት ደረሱ።

እንግዲህ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው፣ አራቱም ጊዜ የጣላቸው አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ቦታ የጣላቸው መጠጥና ድግስ ነው። አንዱ ቦታ የሰውነታቸውን ጠባይ አለማወቃቸው ነው። አንዱ ቦታ የመተዋቸው ዓላማ አጭር መሆኑ ነው። አንዱ ቦታ ደግሞ ሥራ መፍታትና ጭንቀት፣ ከዚያም «በቃ ተበላሸ» የምትለዋ ቃል ነች። በመጀመሪያ ጊዜ የሚተው ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም። ጋሼ ያውቃሉ። በአራት ውድቀት የገዙት ዕውቀት ነው።

ይህን ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና «ወፍጮ ድንጋይም ሲለሰልስ ይወቀራል እንጂ አይጣልም» አሉ።

በካናዳ ኦንታሪዮ በምትባለው ክፍለ ሀገር አጫሾችን እየተከታተሉ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጥናቱ አንድ አጫሽ ጨርሶ እስኪተው ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚሞክር ለመገመት የተደረገ ነው። እንደ አቆጣጠሩ ዘዴ ግምቱ ከ6 ጊዜ ይጀምራል፤ እስከ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እኔ ገና ነኝ በለኛ!» አሉ። ቀልድ ቢመስልም ከዚያ ማታ ጀምሮ አንገታቸውን መድፋት ቀንሰዋል።

አሁን ወደ ሰውነት ጠባይ እንሂድ፤ ጋሼን ሁለተኛው ቦታ ላይ የጣላቸው ይህ ነውና።

በትንባሆ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ። ጭሱ ወደ ሳንባ ሲሳብ ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 በሚሆን ሴኮንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። አንጎልም ለጥቂት ጊዜ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ኒኮቲኑ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ አንጎል «አምጣ» ይላል። ይህ ነው ሐራራ የሚባለው። አጫሹ አንድ ሲለኩስ ሐራራው ይበርዳል፤ «ሲጋራ ጭንቀቴን አስታገሠልኝ» ይላል። ያስታገሠለት ግን የፊተኛው ሲጋራ ያመጣበትን ጭንቀት ነው።

ሰው ሲጋራ ሲተው ሐራራው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ቁጡ ይሆናል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ይርበዋል፤ ሐሳቡ አልሰበሰብ ይለዋል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እየቀለለ ሄዶ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ በአብዛኛው ይለቃል። ደግሞ አንዱ ሐራራ ሲነሣ ሰው ሊቋቋመው የሚገባው ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። እሳት ላይ የተጣደ ጀበና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይቆይም።

ሳሉስ? በመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ሥራቸው እንደ መጥረጊያ ነው፤ አቧራና አክታ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። የሲጋራ ጭስ ያደነዝዛቸዋል። ሰውዬው ሲተው ተነሥተው የተጠራቀመውን መጥረግ ይጀምራሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከድሮው የበለጠ ያስለዋል። ቤት ሲጠረግ አቧራ እንደሚነሣ ማለት ነው። ጋሼ የመዳኑን ምልክት የመታመም ምልክት አድርገው ወስደውት ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጨሱም ተዉም፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለብዎ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ አጫሽን ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል። ጋሼም አክታቸውን አስመርምረው ነፃ መሆናቸው ከተነገራቸው በኋላ ነው አምስተኛውን የጀመሩት።

ስለ ቡና የተማርኩት እኔንም አስገርሞኛል። የሲጋራ ጭስ የቡናን ኃይል፣ ማለትም ካፌይን የሚባለውን ነገር፣ ሰውነት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ሰው ሲጋራ ሲተው ይህ ማስወገድ ይዘገያል። ስለሆነም ድሮ ይጠጣው የነበረው ቡና፣ አቦል ቶና በረካ ሳይቀነስ፣ እንደ እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውዬው ግን «ሲጋራ አጥቼ ነው» ብሎ ያስባል። በቡና አገር ይህን አለማወቅ ስንት ሰው መልሶ ጥሎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት ቡናውን በግማሽ ቀነሱት፤ በረካውን ጭራሽ ተዉት። ከቡናው ጋር ደግሞ ሲጋራው የለመደው ወንበር ነበረ፤ ወንበራቸውንም ቀየሩ።

የሚተርፈውን ነገር በቁጥር እንየው። ሲጋራ በተተወ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መርገብ ይጀምራል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ በአጫሽ ደም ውስጥም አለ። እሱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጠራል። ከሳምንታት በኋላ ዳገት መውጣት ይቀላል። አንድ ዓመት ሲሞላ ሲጋራ የሚያመጣው የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

«እኔ እኮ 46 ዓመቴ ነው፤ የተቃጠለው ተቃጥሏል» አሉ ጋሼ። ለዚህ መልስ የሰጡ ሰዎች በእንግሊዝ አገር አሉ። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ለአገሪቱ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ጥያቄ ላኩ። ከ34,000 በላይ ወንዶች ሐኪሞችንም ይከታተሉ ጀመር። ክትትሉ 50 ዓመት ቆይቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው ከዚህ ውስጥ 3 ዓመት ያህል ያስመልሳል፤ በ50 የተወ 6፣ በ40 የተወ 9፣ በ30 የተወ 10። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ ኋላ ግን ተወ፤ በ92 ዓመቱ ነው የሞተው።

እነዚህን ቁጥሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው። ጋሼ 40ንና 50ን በጣታቸው እያሳዩ «እኔ እዚህ መካከል ነኝ» አሉ። ከዚያም «እነዚያ ግን ሐኪሞች ናቸው፤ እኔ ዱቄት የምፈጭ ሰው ነኝ» አሉና፣ መልስ ሳልሰጣቸው ራሳቸው መለሱት፤ «ዱቄቱ ላይ ጭስ ከመጨመር መቼም ይሻላል።»

የገንዘቡንም ሒሳብ ሠራን፤ ለሒሳብ ትምህርታችንም ጠቀመን። አንዱ ሲጋራ 5 ብር ነው ቢባል፣ በቀን 8 ሲሆን 40 ብር ነው። በወር 1,200 ብር፣ በ12 ወር 14,400 ብር። የጳጉሜን 5 ቀን 200 ብር ሲጨመር 14,600 ብር። ጋሼ ጳጉሜን እንዳልረሳት አይተው «እሷንም አልማርካትም!» አሉ።

ቀኑን ሲመርጡ በዓልም ጾምም አልፈለጉም። አንድ ተራ ማክሰኞ መረጡ፤ መጨረሻ ቀኑ ያልተወሰነ። ሰኞ ማታ መተርኮሻውን ጣሉ፤ ላይተሩን ለኩሽና ሰጡ፤ ጭስ ጭስ የሚለውን ኮታቸውን አሳጠቡ። ባለሱቁን «ብለምንህም አትስጠኝ» አሉት። ባለሱቁ «ደንበኛ ልታሳጡኝ ነው» ብሎ ቢያጉረመርምም እሺ አለ። በነገራችን ላይ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሲጋራን በፍሬ መሸጥ ይከለክላል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። ሕጉ ለምን በፍሬ እንዳይሸጥ እንዳለ ጋሼን አይቶ መረዳት ይቻላል፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው አንድ ፍሬ መግዛት ምንም ያልገዛ ያህል ነው፤ ፓኮው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያም አያይም።

በሐራራው ሰዓት ለአፍ መፋቂያ፣ ለእጅ ቆሎ ያዙ። ቀበቶው ሲቆም ያጨሱ የነበረው ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሁን ወደዚያ መሄድ ትተው ቧንቧ ሄደው ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ። ኒኮቲን ያለበት ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት እንዳለም አንብቤ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ የመተውንም ዕድል ከፍ ያደርጋል። እኛ በአካባቢያችን ጠይቀን አላገኘንም። የሚያገኝ ሰው የጤና ባለሙያ አማክሮ ቢጠቀምበት ጥሩ ነው፤ እፍረት የለበትም። ሺሻና ጋያ ግን ምትክ አይደሉም፤ ትንባሆው ያው ትንባሆ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ራሳቸው ፈለሰፉ። ሐራራው በመጣ ቁጥር በደብተራቸው ጀርባ ላይ ምን ሲሠሩ እንደመጣ ይጽፉ ጀመር። «ቡና»፣ «ምሳ»፣ «ነገር ሲገባኝ»። ከክፍል ውጭ የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው። ፊደሉ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል። የመጀመሪያው ቀን 14 መስመር ነበረው፤ በ20ኛው ቀን ሁለት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነበረ፤ መዝገቡ።

እኔ ገን እንዳላዘገየው ነገርኳቸው። እሳቸውም ቅዳሜ ማታ ለባለቤታቸው ራሳቸው ተናገሩ። ኋላ እንዴት እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ባለቤታቸው ናቸው። «አትቆጪኝ፤ አልተውኩትም» አሏቸው። እሳቸውም «ታዲያ ሽታውን ለማንበብ ፊደል መቁጠር ያስፈልገኛል?» ብለው መለሱ። አሥር ወር ሙሉ ያውቁ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «በፊት ስናገር ወጥቶ ነው የሚያጨሰው። ስንቆጣ ደግሞ ይጨምራል። ተደብቆ የሚያጨስ ሰው ትንሽ ቢያፍር ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ያን ማታ ለባላቸው የተናገሩት ሌላ ነገር፣ «የሚብስብህን ሰዓት ንገረኝ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ነገር አላነሣብህም» የሚል ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ የበለጠ ምክር በመጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ትቶ የጀመረን ሰው «ድሮም አውቅሃለሁ» ማለት ቀላል ነው። ግን የተናቀ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ እርዳታ መጠየቅ አይችልም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በአዋጅ ከልክለው፣ ያጨሰውን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ንጉሡ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ትንባሆው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ከንፈር መቁረጥ ያልቻለውን ምላስ አይችለውም።

ጋሼ «ሰው ሁሉ ያጨሳል፤ ወዴት ልሽሽ?» ይሉ ነበር። እውነት ይመስላቸዋል፤ በዙሪያቸው ያሉት አጫሾች ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገ ጥናት ግን ከ100 አዋቂዎች ውስጥ ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። የማያጨሰው ሰው ነው ብዙው። ጋሼም ምሳቸውን ከማያጨሱት ሁለት ተሸካሚዎች ጋር መብላት ጀመሩ።

አሁን ወደ 33ኛው ቀን ልምጣ። ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ሲቀመጡ፣ አረቄ ሲዞር፣ ሲጋራም ዞረ። ጋሼ አንድ አጨሱ። በማግሥቱ ማታ ክፍል የመጡት ከሁሉ ዘግይተው ነው። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሰው ሲወጣ «በቃ ተበላሸ» አሉኝ። ያቺ ቃል!

«ስንት አጨሱ?» አልኳቸው።

«አንድ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እንኳ የለም። ግን ያው ነው።»

ጠመኔውን ሰጠኋቸውና «33 ቀን፣ በቀን 8፣ ስንት ይሆናል? ያባዙት» አልኳቸው። ቀስ ብለው አባዙ። አንዴ ተሳሳቱ፤ በመዳፋቸው አጥፍተው እንደገና ሠሩት። 264 ሆነ።

«264 ሲጋራ ሳያጨሱ ቀርተው አንድ አጨሱ። ያው ነው?»

ሰሌዳውን ብዙ አዩት። ከዚያ በታች 1 ጻፉ። ሁለቱን ቁጥሮች እያዩ «ያው አይደለም» አሉ።

ፊደል ሲማሩ አንድ ጊዜ ሰን ገልብጠው ስለጻፉ ከሀ ጀምረው እንዲቆጥሩ ያዘዛቸው የለም። ያቺኑ ሰን አስተካክለው ጽፈው ወደ ሸ አለፉ። አንዷ ሲጋራም እንዲሁ ናት። ጉዳት የላትም ማለቴ አይደለም፤ አንዷ ሌላዋን ትጠራለችና አደገኛ ናት። በደረሰች ሰዓት ግን ጥያቄው «ለምን አጨስኩ?» ሳይሆን «ሁለተኛዋን እንዴት ልከልክል?» ነው። አራተኛውን ጊዜ የጨረሰው የጓደኛቸው አንድ ፍሬ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በራሳቸው እግር ሱቅ ሄደው የገዙት ነው። በዚህኛው ሌሊት ግን ከለቅሶው ወጥተው በሱቁ በኩል ሳይሆን በጓሮ መንገድ ነው ወደ ቤት የገቡት። ደብተራቸው ላይም «ለቅሶ። አረቄ» ብለው ጽፈዋል። አሁን ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ከማያጨሱ ሽማግሌዎች አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አረቄው ሲመጣ «ይለፈኝ» ይላሉ።

ይህን ስጽፍ 11ኛው ሳምንት ላይ ናቸው። ሳላቸው ቀንሷል። ደመወዝ በሚቀበሉበት ቀን አሁንም ያምራቸዋል፤ አይደብቁም። የዱቤ መዝገቡንም ባለቤታቸው ባለፈው ወር ራሳቸው አንብበው ነው የከፈሉት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት። ከባለሱቁ ጋርም በሳሙናው ቁጥር ተከራክረው ረትተዋል።

ጥያቄዎች

1. ጋሼ አራት ጊዜ የወደቁባቸው ምክንያቶች ምን ምን ናቸው? እርስዎ ወይም የሚያውቁት ሰው የወደቀበት ከየትኛው ጋር ይመሳሰላል?

2. ሲጋራ ሲተው ሳል ለምን ሊብስ ይችላል? ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

3. አንድ ሰው በቀን 12 ሲጋራ ያጨስ ነበር። ለ45 ቀን ተወና አንድ ቀን ብቻ ሁለት አጨሰ። ስንት ሲጋራ ሳያጨስ ቀረ? ሒሳቡን በደብተርዎ ይሥሩ።

4. ሐራራው የሚብስብዎን ሰዓትና ቦታ ይጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ለማን ሊያሳዩት ይችላሉ?